ድሪቶ ነው ላላችሁን

ለመጪው ሚያዝያ 27 የድል በዓል ማኅበራችን ምን ያዘጋጅ በሚለው ጉዳይ ላይ ባለፈው ስብሰባ ሁለት ሐሳብ ቀርቦ፣ ሁለቱም ሳይወሰን መበተናችን ይታወቃል። አንደኛው ሐሳብ እንደ ወትሮው ከየቤቱ ገንዘብ ይዋጣና አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የፕላስቲክ ጥብጣብ ተገዝቶ ከሰፈሩ መግቢያ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይሰቀል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሰፈራችን ልብስ ሰፊዎች የሚተርፈውን ብጣሽ ጨርቅ ሰብስበን፣ በሰንደቅ ዓላማችን ቀለማት ገጣጥመን፣ አነስ ያለ የጉልበት ልብስ እየሰፋን በበዓሉ ቀን ለጡረተኛ ወታደሮቻችንና ልጆቻቸውን በጦር ሜዳ ላጡ እናቶች እናልብስ የሚል ነበር። ሁለተኛው ሐሳብ ገና ተነግሮ ሳያልቅ ከኋላ ወንበር «ለጀግና ድሪቶ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቤቱ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ በሳቅ ብቻ የሚታለፍ ሆኖ ስላላገኘነው፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ የበኩላችንን ለማለት ተነሥተናል።

ድሪቶ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አሮጌ ልብስ ሲቀደድ በእራፊ ይጣፋል፤ ጥፉ ሲቀደድ በላዩ ሌላ ይደረባል፤ እንዲህ እየተባለ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደነበር እስኪጠፋ ድረስ ጥፍ በጥፍ ላይ ይሆናል። ይህን የሚለብስ ሰው ሌላ የሚለብሰው የሌለው ነው። ስለዚህ ቃሉ የድህነት ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ልጆችም ሲጣሉ ይሰዳደቡበታል። እንግዲህ «ለአገር ባለውለታ ድሪቶ አይሰጥም» ያሉት ወገኖች ክፉ አልተናገሩም። ክብር አስበው ነው። እንግዳ ሲመጣብን ከመሶቡ የተሻለውን እንጀራ መርጠን የምናወጣ ሰዎች ነን፤ ትራፊ ለክብር እንግዳ ማቅረብ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በዚህ አንከራከርም።

የምንከራከረው ነገሩ ድሪቶ አይደለም ብለን ነው። ልብስ ሰፊ ሱሪ ወይም ቀሚስ ሲቆርጥ ከእጅጌው ጉድጓድ፣ ከአንገቱ ዙሪያ፣ ከጨርቁ ዳርና ዳር የሚወድቀው ብጣሽ ማንም ያልለበሰው አዲስ ጨርቅ ነው። የተረፈውም የሰው ገላ አራት ማዕዘን ስላልሆነ ነው እንጂ ጨርቁ ስለረከሰ አይደለም። ደንበኛው ለሜትሩ ሙሉ ዋጋ ከፍሎበታል። አሁን ይህ ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ወደ አንዱ ልብስ ሰፊ ቤት ገባ ብላችሁ እዩ። ጥቂቱ ለትራስ መሙያ ይሄዳል፣ ጥቂቱ መወልወያ ይሆናል፣ የቀረው በማዳበሪያ ታጭቆ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። ደህና ቴትሮን፣ ደህና ፖፕሊን፣ አንዳንዴም የሐር ገበር! ያሳዝናል።

ደግሞስ ገጣጥሞ መስፋት ያዋርዳል ከተባለ ሰንደቅ ዓላማችንን ምን ልንለው ነው? ቀድሞ ሦስቱ ቀለማት እያንዳንዳቸው ለየብቻ እንደ ጥብጣብ ሆነው ይውለበለቡ እንደነበር በታሪክ ተጽፏል። ባንድ ላይ ተሰፍተው አራት ማዕዘን ሰንደቅ የሆኑት ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ያን ጊዜ ቀዩ ከላይ ነበር፤ አረንጓዴው ወደ ላይ የወጣው በኋላ ነው። ሦስት ለየቅል የነበሩ ጨርቆች በመርፌና በክር አንድ ሆኑ ማለት ነው። ያንን ድሪቶ ያለ ሰው አልሰማንም።

ለአገር ተብሎ መርፌ ማንሣትም ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ስለ አርበኝነት ሲነሣ ጋሻና ጎራዴ፣ ጠመንጃና ፈረስ ይጠራል፤ በሶውን ማን ፈጭቶ፣ ድርቆሹን ማን አድርቆ፣ አቁማዳውን ማን ሞልቶ እንደላከ ግን በግማሽ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በልዕልት ፀሐይ አስተባባሪነት ሴቶች ተሰብስበው ከጨርቅ የጋዝ መከላከያ ጭምብልና ለቁስለኛ ፋሻ ይሰፉ ነበር። ፋብሪካ የሠራው ጭምብል ለዚያ ሁሉ ሠራዊት አይገኝም ነበርና፣ የተገኘውን ጨርቅ መስፋት ግድ ሆነ። ኋላም በአምስቱ ዓመት እነ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከከተማ ውስጥ ሆነው ለአርበኞች ስንቅና የሚያስፈልገውን ሁሉ በስውር ያቀብሉ እንደነበር የታወቀ ነው። ሚያዝያ 27ን ስናከብር እነዚህንም እናከብራለን ካልን፣ የእጃቸውን ሥራ የሚመስል ነገር በበዓሉ ላይ ቢታይ ምን ነውር አለው?

በሌላውም አገር ቢሆን እንዲሁ ነው። አሜሪካኖች ከቁርጥራጭ ጨርቅ አልጋ ልብስ መግጠም የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ጦርነት ሲመጣባቸው ያንኑ ለአገር አዋሉት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካ የሠራው የሱፍ ብርድ ልብስ ለወታደሩ እንዲቀርለት፣ በየቤቱ ያሉ እናቶች የራሳቸውን ከቁራጭ እየሰፉ ይጠቀሙ ዘንድ ተቀሰቀሱ። በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የሴቶች መጽሔት የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን የአልጋ ልብስ ንድፍ አሳተመ። የሰፈሩ ሰው ጥቂት ሳንቲም እየከፈለ ስሙን በቀይ ክር ያስጠልፍበታል፤ ገንዘቡ ለቀይ መስቀል ይገባል። ዕድር ማለት እኮ ነው! በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የካናዳ ሴቶች የሰፏቸው የቁርጥራጭ ልብሶች ባሕር ተሻግረው በቦምብ ቤታቸው ለፈረሰባቸው እንግሊዞች ደርሰዋል።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ካትሪን ሮበርትስ የተባሉ የዴላዌር ሴት ልጃቸው ወደ ኢራቅ ዘምቶባቸው በጭንቀት ላይ ሳሉ የጀመሩት ሥራ አለ። ዛሬ በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችና የቀድሞ ወታደሮች እንዲህ ዓይነቱን ልብስ ተቀብለዋል። ከዚያ የወደድነው አንድ ነገር ነው፤ «ሰጠን» አይሉም፣ «ሸለምን» ነው የሚሉት። ባለቤቱ ባለበት፣ በስሙ ተጠርቶ፣ በትከሻው ላይ ይደረብለታል። ይህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጀግና ለምድና ካባ የሚሸለምበት አገር ልጆች ነን። ልብስ በትከሻ ላይ መጣል የክብር ምልክት መሆኑን ከማንም መማር አያስፈልገንም።

ስለ ጥብጣቡም እንናገር። ጥብጣብ ያምራል፤ ልጆች ይደሰቱበታል፤ መንገዱም በዓል በዓል ይሸታል። ይህን አንክድም። ነገር ግን ከበዓሉ በኋላ የሚያወርደው ማነው? ለመስቀል ሃያ ሰው መሰላል ይይዛል፤ ለማውረድ አንድም አይገኝም። ፀሐይ ያነጣዋል፣ ንፋስ ይበጣጥሰዋል፣ ግማሹ በመብራት ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ ይከርማል። ክረምት ሲገባ ከቱቦው አፍ ላይ ተወትፎ ጎርፉን ወደ ታችኛው መንደር ቤቶች ይመልሰዋል። የአገር ቀለም ከቱቦ ውስጥ በአካፋ ሲወጣ ያየ ሰው፣ ለጀግና ክብር ያንሳል የተባለው ብጣሽ ጨርቅ ነው ወይስ ይኼኛው ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልሳለን? ዋጋውንም አስቡት። ብጣሹ በነፃ ይገኛል፤ ክርና ገበር ብቻ ነው የሚገዛው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ክርክሩ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነውና። ሥራው ከተበላሸ «ድሪቶ» ያሉት ሰዎች ያሸንፋሉ፣ ማሸነፍም ይገባቸዋል። የተንሻፈፈ፣ ክሩ የተንጠለጠለ፣ በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙ የተደባለቀ ነገር ለአንድ አዛውንት ከማልበስ ዝም ማለት ይሻላል።

መጠኑ ትንሽ ይሁን። ሙሉ የአልጋ ልብስ የሚመኙ አሉ፤ እኛ አንመክርም፤ ተጀምሮ የሚቀር ነገር ይሆናል። ተቀምጦ ለሚውል ሰው በጉልበት ላይ የሚጣል፣ ሲፈልግ በትከሻ የሚደረብ ይበቃል። ብጣሹን ሁሉ 17 ሳንቲሜትር በ17 ሳንቲሜትር እየለኩ መቁረጥ፤ ስፌቱ ከየጎኑ 1 ሳንቲሜትር ስለሚበላ ሲያልቅ 15 በ15 ይሆናል። ሰባት በአግድም፣ ሰባት በቁልቁል ሲገጠም በጠቅላላው 49 ቁራጭ ይፈጃል፤ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲሜትር በዚያው ልክ ይወጣዋል። ለመለኪያ ከወፍራም ካርቶን አንድ ልክ ቆርጦ ሁሉም በዚያ ብቻ ቢቆርጥ ነው የሚሻለው። እያንዳንዱ በየራሱ ሜትሮ ከለካ መጋጠሚያው ላይ ጠብ መነሣቱ አይቀርም። የጨርቁን ክር ተከትሎ ቀጥ ብሎ መቁረጥም ያስፈልጋል፤ በሰያፍ የተቆረጠ ይለጠጣል፣ ከጎረቤቱም ጋር አይስማማም። (የሰፈር ሰው ነገር!)

ቀዩን ጨርቅ አትመኑት። ቀይ ቀለሙን ይለቃል፤ ቢጫውን ሲያበላሽ ደግሞ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ለብቻው በሳፋ ይታጠብ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ይደጋገም። ከደረቀ በኋላ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጎ መሞከር ነው፤ ነጩ ከቀላ ያ ቀይ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጥጡም አስቀድሞ ይታጠብ፤ ሳይታጠብ ተሰፍቶ ኋላ ሲኮማተር ቴትሮኑን ይጎትተዋል። እያንዳንዱ ስፌት ካለቀ በኋላ በካውያ ይተኮስ። ካውያ የነካውና ያልነካው ስፌት የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ፤ ልብስ ሰፊዎቻችንን ጠይቁ።

ለመሐሉ ሙቀት የሚሆን አዲስ ነገር መግዛት አያስፈልግም። በየቤቱ ዳር ዳሩ ያለቀ፣ መሐሉ ግን ደህና የሆነ ጋቢ አይጠፋም። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ለዚህ ይወፍራል፤ ሁለቱ ድርብ ከሁለቱ ቢለይ በቂ ነው። ብዙ ጊዜ የታጠበ ስለሆነ ከእንግዲህ አይኮማተርም። ከሥሩ አቡጀዲ ገበር ይደረግለታል። ሦስቱ ከተደረቡ በኋላ በየአራት ማዕዘኑ ጫፍ ላይ በመርፌ ወግቶ መቋጠር ነው፤ ይህ ካልተደረገ ጋቢው በእጥበት ጊዜ ተንከባሎ አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል። በመጨረሻ ዙሪያውን መዘምዘም። አሮጌ የባሕር ዳር ጨርቅ ያላችሁ ለገበር ብታመጡት ደስ ይለናል፤ ያ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተቋቋመው ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ ነበርና፣ ለድል በዓል ከዚያ የተሻለ ገበር አናገኝም።

ስለ ቀለሙ አቀማመጥ የተነሣውን ጥያቄ ቀላል አድርገን አናየውም። ሰንደቅ ዓላማ መጠኑ፣ አርማውና አሰቃቀሉ በአዋጅ ቁጥር 654/2001 የተደነገገ ነገር ነው። የሰንደቅ ዓላማ ነገር ደግሞ በአገራችን አርማ አለው፣ አርማ የለውም እየተባለ ስንት ወዳጅ የተቀያየመበት ነው። እኛ የምንሰፋው የጉልበት ልብስ ነው እንጂ ሰንደቅ ዓላማ አይደለም። ስለዚህ ሦስቱን ቀለማት በተርታ ሰንደቁን አስመስሎ መስፋት አያስፈልግም፤ አርማም አይደረግበት፣ የአርማ ቦታም አይተውለት። ቀለማቱ በየአራት ማዕዘኑ ተበታትነው፣ በመሐላቸው ነጭና ሌላም ቀለም እየገባ ይሠራ። አረንጓዴው አንድ ዓይነት አረንጓዴ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ሌላው የሚዜ ቀሚስ ቁራጭ ይሆናል። ይሁን። ያረጀ ሰንደቅ ዓላማ ግን ማንም እንዳይቆርጥ። እርሱን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መመለስ ነው።

አሁን ከሁሉ የከበደው ቀርቷል። ስብሰባው ከተበተነ በኋላ አንዲት እናት ወደ ማኅበሩ ሰዎች ቀርበው፣ «የልጄ ሸሚዝ አለ፤ ከእሱ ትንሽ ብትገባ ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት የቀረ ነው። የተሰጣቸው መልስ «እንነጋገርበታለን» የሚል ነበር። ይህ መልስ አልዋጥ ብሎናል። እንነጋገርበታለን የተባለው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚህ ሰፈር የሄዱት ልጆች ሁሉ በአንድ በኩል አልቆሙም። በአንድ አጥር የሚኖሩ ሁለት ቤቶች በአንድ ሰሞን ልቅሶ ተቀምጠው፣ ለአንዱ ድንኳን ሲተከል ለሌላው በር ዘግተው አልቅሰዋል። ያን ጊዜ ሄደን ያላጽናናነው ቤት እንዳለ ዕድሩ ያውቃል፣ ሰፈሩም ያውቃል።

እኛ የምንለው ይህን ነው። እስካሁን አዲስ ብጣሽ ብቻ ስንል ቆይተናል፤ ለዚህ ግን ደንቡ ይጣስ። ልጁ የቀረበት ቤት ሁሉ፣ ልጁ ከለበሰው የቤት ልብስ አንድ ቁራጭ 17 በ17 ቢያመጣ ይገባለት። ሸሚዝም ይሁን፣ የትምህርት ቤት ሱሪም ይሁን፣ የእግር ኳስ ማሊያም ቢሆን። መለዮ ግን አይሁን፤ መለዮ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ደግሞም መለዮ ከመጣ የየትኛው ነው መባሉ አይቀርም። የቤት ሸሚዝ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለበትም። ቁራጩን የሚቀበለው ሰው ስም እንዳይጽፍ፣ እንዳይጠይቅም። በ49 ቁራጭ መካከል የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቁት እናትየው ብቻ ይሁኑ።

ይህን ሐሳብ የማይቀበል ወገን እንደሚኖር እናውቃለን። «በዓሉ የአርበኞች ነው፣ የርስ በርሱን ለምን ታመጡበታላችሁ?» የሚል ክርክር ሰምተናል፤ ክብደትም አለው። ነገር ግን ልብሱን የምናለብሳቸው ሰዎች በመጽሐፍ ያሉት አርበኞች አይደሉም፤ እነሱ አብዛኞቹ አልፈዋል። የምናለብሰው ዛሬ በሰፈራችን በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁትን ነው። እነዚህን ስናከብር አንዱን እናት ጠርተን ሌላዋን በበሩ ስንጥል በጎረቤት ዓይን ምን እንደምንመስል አስቡት።

ማን ይስፋ ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው። «ሴቶቹ ይስፉት» ብለው እጃቸውን ያጠፉ ወንድሞች ነበሩ። እንዴ! ልብስ ሰፊዎቻችን ወንዶች አይደሉም ወይ? ሸማውንስ የሚሸምነው ማነው? ሴቶቹ ለበዓሉ ቡናውንም ዳቦውንም ይዘዋል። መቁረጥ፣ ማጠብና መተኮስ ከስብሰባ ይልቅ ለወንዱ ይጠቅመዋል። ልብስ ሰፊዎቹ መጋጠሙን በየመኪናቸው ማታ ማታ ለመሥራት ፈቃዳቸውን ነግረውናል፤ እጅ ስፌቱ ለሁላችንም ይቀራል። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎች ክር በመርፌ ማስገባቱን ለልጆች ትተው ቁጥሩን ይቆጣጠሩ፤ 49 መሙላቱን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል።

ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ሁለት ቅርጫት ይቀመጣል። በትልቁ ቅርጫት አዲስ ብጣሽ ይግባ፤ የሚለጠጥ ሹራብ፣ ናይለንና እንደ ወንፊት የሳሳ ጨርቅ አታምጡ። ትንሿ ክዳን ያላት ቅርጫት ከላይ ለተናገርነው ናት፤ ጨርቁ ታጥቦ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ስም ሳይጻፍበት ይቀመጥ። ያረጀ ጋቢ ያለው ቤት ደግሞ አስቀድሞ ይንገረን፤ የሚፈታው ሰው ቤት ድረስ ይመጣል።